በቀትር የታጠበ ፀጉር

ሰው በፍቅር ይከሳል፣ እህል አልበላ ይለዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ይህ ያለና የነበረ ነው። በፍቅር የሚያስነጥስ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም ነበር። የዚህች ልጅ ነገር ታዲያ እንዲህ ነው፤ የምትወደው ሰው በበሩ ብቅ ሲል አፍንጫዋን ይበላታል፣ ዓይኗ ይቀላል፣ አንዱን ማስነጠስ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣባታል። እሱ በትሕትና «ይማርሽ» ይላታል። እሷ «ያኑርህ» ብላ እንኳ ሳትመልስለት መስኮቱን ለመክፈት ትሮጣለች።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ «ባለማኅተሟ» ነው የሚሏት። የምርምር ጽሕፈት ቤቱ ባልደረባ ናት። የተመራማሪ ፕሮፖዛል፣ ሪፖርት፣ የዕቃ ግዢና የዝውውር ጥያቄ በእሷ ጠረጴዛ ካላለፈ አንድ ስንዝር አይራመድም። ፕሮፌሰሮቹ ቀነ ገደብ ሲረሱ የምትደውለው እሷ ናት፤ ኮሚቴው የሚጠይቀውን ቀድማ የምታውቀው፣ የተዝረከረከውን ሐሳብ ወደ ሰው ቋንቋ የምትመልሰውም እሷው። ፋይል ላይ አቀርቅራ ምሳዋን ስትረሳ፣ አብረዋት የሚሠሩት አንጋፋ ፀሐፊ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ይተርቧታል። እኚህን ሴት ግቢው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ምላሳቸው ስለታም ነው፤ ሆዳቸው ግን ለሰው ይራራል።

ዛሬ አርብ ነው፤ ከፊቷ የተዘረጋው ፋይል ደግሞ የእሱ ነው። ሩቅ ከተማ ወዳለ ተቋም ከነምርምሩ ለመዛወር አመልክቷል። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «የግል» ብሎ ጽፏል፤ ሌላ ቃል የለም። ከምሳ በኋላ መጥቶ ከፈረመ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር ብቅ ብሎ የሚያስነጥሳት ሰው አይኖርም። ከጠዋት ጀምሮ ይህንን እያሰበች አንዱን ገጽ መልሳ መላልሳ ታነባለች።

ድሮ እሷና እሱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ያን ጊዜ እሷም ነጭ ጋውን ለባሽ ነበረች። ሁለቱም ለዶክትሬት የሚሠሩ፣ ሁለቱም የኩላሊት በሽታን በአይጦች ላይ የሚያጠኑ ነበሩ። እሱ አይጥ ሲይዝ አራስ ልጅ የታቀፈ ስለሚመስል ስሙ ተረስቶ «አባ አይጥ» ሆኖ ቀረ። በሣጥኖቹ መካከል ሲተላለፉ ክርናቸው ይነካካል። ከማስኩ በላይ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው፤ ዓይን ደግሞ የሆድን አይደብቅም። ቢሆንም አንዳቸውም አፍ አውጥተው የተናገሩት ነገር አልነበረም። በልደቱ ቀን ሰማያዊ የጨርቅ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ገዝታ ሰጥታው፣ «ውኃ አይገባውም ተብያለሁ፤ ከእንግዲህ አረፈድኩ የሚል ሰበብ የለህም» ብላ ቀልዳለች። እሱም እዚያው ፊቷ አሰረው።

ከዚያ ፊቷ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው፣ ቀጥሎም አቧራ ነው እያለች ራሷን አታለለች። አንድ ቀን ከአይጦቹ ክፍል ስትወጣ ትንፋሽ አጠራት። ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነላትም፤ የአይጥ አለርጂ ነው፣ ከዚያ ክፍል ካልወጣሽ አንድ ቀን እዚያው ትንፋሽሽ ይቆማል አላት። የግቢው ሕግ ደግሞ ከባድ ነው። አንድ ሰው ከእንስሳቱ የተነሣ መታመሙን ካስመዘገበ ክፍሉ ይዘጋል፣ አየር መውጫው ይፈተሻል፣ አይጦቹም ይወገዳሉ። የእሱ አይጦች ከትውልድ ትውልድ እየመረጠ ያራባቸው የልፋቱ ፍሬዎች ናቸው፤ ጥናቱም ለማለቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ስለዚህ ለማንም ሳትተነፍስ ጋውኗን አጥባ አስረከበች። ደረጃው ላይ አግኝቷት «ለምን?» ብሎ ሲጠይቃት «ሰለቸኝ» አለችው። ያቺን አንዲት ቃል መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመዳት ነበር የሰነበተችው።

እሱ ያንን «ሰለቸኝ» ለራሱ ተረጎመው። አይጦቹም እኔም ሰለቸናት ማለት ነው ብሎ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አለፈ፤ እሱ «ዶክተር» ተባለ፣ እሷ ማኅተም ያዘች።

እናቷ ነገሩ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። ልጄ መድኃኒት ልታወጣ ነው ብለው ለሰፈር ሁሉ አውርተው ነበርና፣ «መድኃኒቱ ምን ደረሰ?» ብሎ ለሚጠይቃቸው «ወረቀቱ ላይ ናት፤ ወረቀቱ ሲያልቅ ይወጣል» ይላሉ። ውሸታቸውን አይደለም። ሴትዮዋ ሳያውቁት የልጃቸውን ሥራ ከማንም በተሻለ ገልጸውታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማኅተሙን በመታች ቁጥር የገዛ ዕድሏን የምትቀብር ይመስላት ነበር። እያደር ግን የወደቀ ፕሮፖዛል እሷ አቃንታው ሲያልፍ፣ ተስፋ የቆረጠ ተመራማሪ እየሳቀ ሲወጣ፣ ደስታው የራሷ ሆነ። አንድ ላቦራቶሪ ለቅቃ በሁሉም ላቦራቶሪ ገባች ማለት ይቻላል። የጎደላት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እሱ ደግሞ አልቀር አለ። ሌሎቹ የአይጥ ክፍል ሰዎች ወረቀታቸውን በኢሜይል ሲልኩ አባ አይጥ ብቻ በእግሩ ይመጣል፤ ለአንዲት ፊርማ፣ ለአንዲት ጥያቄ፣ አንዳንዴም ለረሳት ጥያቄ። በልብሱ ላይ ይዞት የሚመጣው ብናኝ ለእሷ ከበቂ በላይ ነው። እንባዋን እንዳያይባት ወደ መስኮቱ ዞራ ጀርባዋን ሰጥታ ታናግረዋለች። «አንተ» ማለቷንም ትታ «ዶክተር፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» ማለት ጀመረች። ያቺ «እርስዎ» ምን ያህል እንደምትወጋው ፊቱ ላይ ታያለች። ነገር ግን አንዴ «አንተ» ብላ ከጀመረች የት እንደምትቆም አታውቀውም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ሰውዬው መዘነጥ ጀመረ። መጀመሪያ የተለወጠው ሸሚዙ ነበር። ቀጥሎ ሱሪና ጫማ ተከተሉ። በመጨረሻም በጠራራ ቀትር ፀጉሩን ታጥቦ፣ ውኃው ገና ከጆሮው ሥር ሳይደርቅ ብቅ ይል ጀመር። እትዬ ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ስሚኝማ ልጄ» አሏት፣ ገና በሩን ዘግቶ እንደወጣ። «ወንድ ልጅ በቀትር ፀጉሩን ከታጠበ አንዲት ሴት ምሳ ላይ እየጠበቀችው ነው። ይቺን እንኳ ለእኔ ተዪልኝ።»

እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን የማታውቃትን ሴት በሐሳቧ ቁመትም መልክም ሰጠቻት፤ አለርጂ የሌለባትም አደረገቻት፣ ይህ ነበር ከሁሉ ያስቀናት። የዝውውሩ ማመልከቻ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር ልክክ አለ። ሴትዮዋ ወደ ሩቅ ከተማ ልትሄድ ነው፣ እሱም ሊከተላት ነው። «የግል» ማለት ሌላ ምን ሊሆን ነው? ጠይቃ ሳታጣራ ነገሩን ራሷ ቆርጣ ራሷ ሰፋችው።

ፋይሉን ስትመረምር አንድ ጉድለት አግኝታ ነበር። የአይጦቹ ማጓጓዣ ፈቃድ ላይ የእንስሳት ሐኪሙ ፊርማ የለም። ዝም ብትል ጉዳዩ ከላይ ተመልሶ ወራት ይጓተታል፤ እሱም ወራት ይቆያል። እጇ ስልኩ ላይ ብዙ ቆየ። በኋላ ግን ደወለችና ፊርማውን አስመጣች። የሚወዱትን ሰው በወረቀት ጉድለት አስሮ ማስቀረት እንደማያስከብራት አወቀች። ስልኩን ስትዘጋ እትዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት፤ በዚህ ጊዜ ግን አልቀለዱም።

ከምሳ በኋላ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩም እርጥብ ነው። እትዬ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩና፣ የፕሪንተሩ ቀለም አልቋል፣ ልጠይቅ ብለው ወጡ። ፕሪንተሩ ግን ቀለም ሞልቶት ነበር።

«ሁሉም ተሟልቷል፣ ዶክተር» አለችው፣ ፋይሉን ወደ እሱ እየገፋች። ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ቃላቱን አሳጠረች። «የሚቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

እስክሪብቶውን ተቀበላት። ሊፈርም እጁን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ አፍንጫዋን በላት። ታገለችው። ዛሬ እንኳ፣ በመጨረሻው ቀን እንኳ በደህና ዓይን ልታየው ፈልጋ ነበር። ግን አልቻለችም፤ አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አለ፣ ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ በሩ አፈገፈገ። «አየሽ፣ ዛሬም አልሆነም።»

«ምኑ ነው ያልሆነው?»

ምንም አይደለም አላት፤ እዚሁ ሆኜ ልፈርም፣ ወረቀቱን ወዲህ አድርጊልኝ አለ። ያኔ ምን እንደነካት እሷም አታውቀውም። የሁለት ዓመቷ «እርስዎ» ከአፏ ወደቀች።

«እስኪ አንድ ነገር ንገረኝ» አለችው። «ፀጉርህን የምትታጠበው ለማን ነው?»

ብዙ አያት። «አንተ» መባሉን የሰማው ከጥያቄው ቀድሞ ነው፤ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር በራ።

«ለአንቺ ነው እንጂ ለማን ይሆናል» አላት።

ከዚያ በሩ አጠገብ እንደቆመ፣ ሳይቀርባት፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ነገራት። አንድ ሰኞ ጠዋት አይጦቹ ጋ ሳይገባ ከቤቱ በቀጥታ ወደዚህ ቢሮ መጥቶ ነበር። ያን ዕለት የሚፈርመው ስላልነበረው ከበሩ አላለፈም፤ አላስነጠሰችም፤ እንደ ድሮው ስቃ አጫወተችው። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ግን ዓይኗ ቀልቶ ወደ መስኮቱ ዞረች። ደረጃው ላይ ያለችው «ሰለቸኝ» ውሸት መሆኑ የገባው የዚያን ቀን ነው። እንግዲህ ተመራማሪ ምን ያደርጋል? ሙከራ ጀመረ። ሁሉንም ባንዴ ቢቀይር የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ፣ መጀመሪያ ሸሚዙን ብቻ ቀየረ። ቀጥሎ ሱሪና ጫማ ጨመረ። ቀጥሎ ፀጉሩን። ማስነጠሷ ቀነሰ፣ ደግሞም ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

«የሚሞከረውን ሁሉ ሞከርኩ» አላት። «ሽታ የሌለው ሳሙና ገዛሁ። የአልጋ ልብሴን ሳይቀር አጠብኩ። አሁንም ስቀርብሽ ዓይንሽ ይቀላል። እንግዲህ ከልብሴ አይደለም፣ ከእኔ ከራሴ ነው፤ ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል አልኩ። እኔ እዚህ እስካለሁ አንቺ በደንብ አትተነፍሺም። ስለዚህ ልሂድልሽ ብዬ ነው።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያቺ ምሳ ላይ የምትጠብቀው ቆንጆ ሴት ድንገት ብን ብላ ጠፋች። በቦታዋ የቀረችው ራሷ ናት፤ ዓይኗ የቀላ፣ አፍንጫዋ ያበጠ። እንባዋ ወረደ፤ ይኼኛው እንባ አይጥ ያመጣው አልነበረም።

«ማን ሂድልኝ አለህ?» አለችው። «ስለ እኔ ሳትጠይቀኝ ትወስናለህ?»

«ከማን ተማርኩት ታዲያ?» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያዘለውን ሸክም የሚያወርድ ሰው ድካም ነው የነበረበት። «አንቺስ አይጦቼን ለማዳን ብለሽ ዝም ብለሽ ወጣሽ አይደል? ብትነግሪኝ ኖሮ ያንን ክፍል በገዛ እጄ እዘጋው ነበር። አይጥ ይተካል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰለቸሁሽ ሰው ሆኜ ኖርኩ።»

ለእሱ መልካም ያደረገች መስሏት የኖረችበት ያ ዝምታ፣ በእሱ በኩል ሲታይ ምን ይመስል እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። «ይቅር በለኝ» አለችው፤ እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከኮሪደሩ የእትዬ ኮቴ ቀረበ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ሄደ።

ኮቴው ሲርቅ፣ ሞታ ተቀበረች የተባለችው ተመራማሪ በውስጧ ቀና አለች። ሙከራው ትክክል ነው። ውጤቱም ትክክል ነው። መደምደሚያው ግን አልጣማትም። እንባዋን ጠረገችና ከእርጥብ ፀጉሩ እስከ ጫማው፣ ስህተት ያለበትን ፕሮፖዛል በምትመረምርበት ዓይን መረመረችው።

«ቆይ» አለችው። «ስትታጠብ ሁሉንም ታወልቃለህ?»

«በልብሴ አልታጠብ መቼም» አላት፣ ጆሮው ቀልቶ።

«እጅህን አሳየኝ።»

ባለበት ሆኖ ዘረጋላት። የሸሚዙ እጅጌ ወደ ላይ ሲሸሽ ያ ሰዓት ታየ። ማሰሪያው ሰማያዊነቱን ጨርሶ ጫፉ ተበጣጥሷል፤ አንዱ ጎን በክር ተሰፍቷል፣ ስፌቱም የወንድ ስፌት ነው።

«ይሄን አውልቀኸው ታውቃለህ?»

«እሱን?» አለ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደተጠየቀ ሁሉ። «አንቺ የሰጠሽኝ ዕለት ካሰርኩት ወዲህ አላወለቅሁትም። ውኃ አይገባውም ብለሽኝ የለ፣ ከነሱ ነው የምታጠበው።»

«አይጦቹ ጋስ?»

«ከጓንቱ ሥር ይ...» ብሎ ጀመረና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

ጨርቅ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ከአይጦቹ ጋር የዋለ፣ የክፍሉን ብናኝ ሁሉ ሲጠጣ የኖረ ጨርቅ ነው፤ ውኃ ቢነካውም በወጉ ታጥቦ አያውቅም። ወረቀት ሊፈርም እጁን በዘረጋ ቁጥር ቀጥታ አፍንጫዋ ሥር የሚመጣውም እሱ ነው። ሩቅ አገር ሊያሰድደው የነበረ በሽታ እጁ ላይ ታስሮ፣ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ከረመ። ሳቋ መጣ፣ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ መጣ፤ ማቆም አቃታት።

«አይ ዶክተር» አለችው። «ሸሚዙን ሞከርክ፣ ጫማውን ሞከርክ፣ አልጋ ልብሱን ሳይቀር ሞከርክ። አንዱን ብቻ ተውከው።»

«እሱን ማውለቅ አልቻልኩማ» አለ።

ያኔ ሳቋ ቆመ። ይህ ሰው «ሰለቸኝ» ካለችው ቀን ጀምሮ፣ ጀርባዋን እየሰጠችው፣ እርስዎ እያለችው፣ የእሷን ሰዓት ከእጁ ላይ ለአንድ ጊዜ እንኳ አላወረደም። ሲበጠስበት በማይችለው መርፌ ሰፍቶታል። በሕይወቷ ከተቀበለችው ደብዳቤ ሁሉ ያ ስፌት በለጠባት።

መስኮቱን ከፈተች። ከመሳቢያዋ የላስቲክ ከረጢት አወጣችና ትንፋሿን ይዛ ቀረበችው፤ ማሰሪያውን ራሷ ፈታች፣ ሰዓቱን ከረጢቱ ውስጥ ከትታ ድሮ ናሙና ታሽግ በነበረበት እጅ አሸገችው። ሰዓቱ ከነበረበት ቦታ ላይ ፀሐይ ያልነካው ቆዳ ታየ። ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈችው። የልቡ ትርታ ከጣቷ ሥር ይሮጥ ነበር፤ የራሷም ከዚያ የተሻለ አልነበረም።

ሰኞ አብረን ሄደን ያ ክፍል እንዲፈተሽ ሕመሜን እናስመዘግባለን አለችው፤ የዶክትሬት ጥናትህ አልቋል፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ዝም ብሎ አይታመምበትም። እሺ አላት። አዲስ ማሰሪያ ደግሞ ከጨርቅ ሳይሆን ከብረት እንገዛለን አለችው። ለዚህም እሺ አላት። ያን ሰዓት ጨረቃን አውርድልኝ ብትለውም እሺ ማለቱ አይቀርም ነበር።

«ማመልከቻውስ?» አለ፣ ፋይሉን በዓይኑ እያሳየ።

«ማመልከቻ ለመተውም ማመልከቻ ያስፈልጋል» አለችው፣ ባለማኅተምነቷ ሳይለቃት።

«ምክንያቱን ምን ልበል?»

«የግል በል።»

ሳቀና እጇን ያዘ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ» አላት። «ወረቀቱ ያው አንቺ ጋ ነው። ሞኙ እኔ ነኝ፤ እኔም የያዝኩትን አልለቅም።»

ግንባሯን ነጩ ሸሚዝ ላይ አሳረፈች። ሽታ የሌለው ሳሙና ከሥሩ የሰውየውን የራሱን ጠረን አይደብቅም፤ ያንን ጠረን ስትሸሸው እንጂ ስትስበው ኖራ አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን እስከ ጥግ ሳበች። ሳንባዋ ሞላ። ምንም አልመጣም። እሱ እንዳይረብሻት ሳይንቀሳቀስ ቆመ፤ ሁለቱም ውጤት የሚጠብቁ ሰዎች ሆኑ።

ከዚያ አስነጠሳት፤ አንዴ ብቻ፣ ቀለል ያለች።

ደንግጦ ሊሸሽ ሲል ሸሚዙን በሁለት እጇ ያዘችው። ከሰዓቱ የቀረች ብናኝ ናት፤ እንደምታልፍ አውቃለች።

«ይማርሽ» አለ፣ ፈራ ተባ እያለ።

ለሁለት ዓመት ወደ መስኮት እየሮጠች ያልመለሰችው ቃል ዕዳ ሆኖ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ቀና ሳትል፣ ሸሚዙን ሳትለቅ መለሰችለት።

«ያኑርልኝ» አለችው። «አንተን ያኑርልኝ።»